በጠመኔ የተሸጡት ጃንጥላዎች

አዲስ ጃንጥላ ዝናብ ሲመታው የሚያወጣው ሽታ አለ። የጨርቁ ይሁን የቀለሙ አላውቅም፤ ብቻ አፍንጫዬ ላይ ሲደርስ ልቤ ድንግጥ ይላል። ባለፈው ሐምሌ የልጅ ልጄ ሲፈን ከባጃጅ ወርዳ እየሮጠች ገባችና አዲስ የገዛችውን ጃንጥላ በረንዳው ላይ ዘርግታ ተወችው። በረንዳችን እንደ ልማዱ ዝናብ በተጠለለ ሰው ተሞልቷል። እኔ ጋቢዬን ደርቤ መስኮቱ ሥር ያንን ሽታ እየማግሁ ተቀምጫለሁ። ሲፈን ስልኳን ይዛ መጣችና «እማማ፣ ይችን ስሚኝማ» አለች። ሥራዋ ይኸው ነው፤ የሕፃናት ጫማ ከአዲስ አበባ እያስመጣች በስልክ ትሸጣለች። ለሽያጩ የጻፈችውን ነጥብ በነጥብ አነበበችልኝ። ጥራቱ የተረጋገጠ። ዲዛይኑ ዘመናዊ። ለሁሉም የሚስማማ። ዋጋው ተመጣጣኝ። «እንዴት ነው?» አለችኝ። «ጥሩ ነው፤ ማንም አይገዛሽም እንጂ» አልኋት። አኮረፈች። «አንቺ ደግሞ ስለ ማስታወቂያ ምን ታውቂያለሽ?» አትለኝ መሰላችሁ! እኔን! በዚች ከተማ ጃንጥላ በጠመኔ የሸጥሁትን ሴትዮ! «ቁጭ በይ» አልኋት። እሷም ዝናቡ መውጫ ስለከለከላት ተቀመጠች።

ያኔ ነቀምት እንዲህ የተዘረጋች አልነበረችም። ንጉሡ አሉ፣ ባላባቱ አለ፣ ዓመቱን ግን አትጠይቁኝ፤ እኔ ዘመን የምቆጥረው በዋጋ ነው። ዶሮ በስሙኒ የሚገዛበት ጊዜ ነበር፤ ያውም ደህና አድርገሽ ከተከራከርሽ አንድ እስር ጎመን ይመረቅልሻል። የአዲስ አበባው አውቶብስ በአኖ በኩል መጥቶ ከተማው አፋፍ ላይ ጥሩምባውን ሲነፋ፣ ሥራ የያዘም ሥራ የፈታም ወደ መንገድ ይወጣል። ማን እንደ መጣ ካላየን እንቅልፍ አይወስደንም። የሚወርደው ሰው ከነሻንጣው አንድ ቀለም ነው፤ ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ ለብሷል። ሴቱ የአቡጀዲ ቀሚስ፣ ወንዱ ካኪ ሱሪ፣ ሞላ ያለለት እንደሆነ ደግሞ በዚያ ላይ ካፖርት፤ ፀሐይ ቢያቃጥለውም አያወልቀውም፤ ካወለቀው ካፖርት እንዳለው ማን ያውቅለታል? መሃል ከተማው ቡና ቤት ሬዲዮው ዘፈን ሲለቅ፣ እኛ ልጃገረዶች መግባት ስለማንችል ከደጁ ራቅ ብለን ቆመን እንሰማለን። ዘፈኑ ሲያልቅ ሌላ ጉዳይ ኖሮን የቆምን ይመስል ኮስተር ብለን እንበታተናለን።

አባቴ ከጎጃም የመጣ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ዋርካ ሥር ተቀምጦ ለባለጉዳይ ይጽፋል። እጄን ያሠለጠነው እሱ ነው። «ጽሕፈት ሰው ፊት ሲቀርብ ካባ ይልበስ» ይለኝ ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና። ይቺ ካባ ኋላ ጉድ አፈላችብኝ።

ወደ ገበያው የሚወርደው መንገድ ማዕዘን ላይ የኦቦ ፈይሳ ሱቅ ነበረች። እሳቸው ጨርቅ፣ ጨው፣ ሳሙና፣ ፋኖስ ይሸጣሉ፤ እኔ ከምሳ ጋር ተቀጥሬ ጨርቅ እለካለሁ፣ ጠርዝ እሰፋለሁ። ኦቦ ፈይሳ አንድ ክረምት አዲስ አበባ ሄደው የከተማው ሰው ሁሉ ጃንጥላ ይዞ ሲሄድ አዩና ልባቸው ተነሣ። «ዝናብ ያለው ወለጋ፣ ጃንጥላ ያለው አዲስ አበባ! ይሄ ምን ፍርድ ነው?» ብለው ያላቸውን ሁሉ አፍስሰው ጥቁር ጃንጥላ በካርቶን በካርቶን ጭነው መጡ። መጡና ብዙም ሳይቆዩ በንዳድ ተኝተው በዚያው ቀሩ። ሱቋ ለባለቤታቸው ለአዴ ጫልቱ ቀረች። ጃንጥላውም ቀረ፤ እስከ ጣሪያው ተደርድሮ።

ለምን አልተሸጠም ትሉኝ ይሆናል። ጃንጥላ በዚያ ዘመን የዳኛ ነዋ! የቄስ ነው፣ የባላባት ነው። ገበሬው ዝናብ ሲመጣ ገሳውን ይደፋል፤ ሣር ሣሩን ለብሶ መንገዱን ይቀጥላል። ጃንጥላ ይዞ የታየ እንደሆነ «ማን ሾመው?» ነው የሚባለው። ሴት ይዛ መታየቷማ አይነሣም።

ይህ ብቻ ቢሆን ዕቃው ቆይቶም ቢሆን ይሸጥ ነበር። ግን ተዝካሩ እንዳለፈ የሟች አጎት ኦቦ ዋቅጅራ ከገጠር፣ ከቢላ መጡ። የዘመዱ ሁሉ ራስ እሳቸው ናቸው፤ ረዥም፣ ዝግ ያሉ፣ በትራቸውን መሬት ላይ ሳይተክሉ የማይናገሩ ሽማግሌ። ተከሉና ተናገሩ። ሱቁ እስከ መጪው መስቀል ይታይ፤ ከቆመ ጫልቱ ትቀመጥ፤ ካልቆመ ይዘጋና እሷ ቢላ ትግባ፣ የሟች ወንድም ይውረሳት። ወግ ነው፤ ባሏ የሞተባትን ሴት ዘመድ ሜዳ ላይ አይጥላትም። የሟች ወንድም ዲንሳ ግን ሚስት አለው፣ ልጆች አሉት፣ ከአዴ ጫልቱም በብዙ ዓመት ያንሳል። እሷ ይህን የነገረችኝ ሳሙና እየደረደረች ነው፤ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዙራ። «ኢንተላ ኮ» አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው። «ኦቦ ፈይሳን ወድጄ ነው ያገባሁት። ከሱ በኋላ የሚቀረኝ ይህ ደጅ ነው። እኔ ከዕቃው ጋር የምጫን ዕቃ አይደለሁም።» ሳሙናዋን መደርደሯን ቀጠለች። እኔ ግን ያን ቀን ምሳ አልበላልኝ አለ።

ማስታወቂያ እንጻፍ ያልሁት እኔ ነኝ። የዕቃ ሣጥን ክዳን የነበረ ጣውላ በከሰል አጥቁሬ፣ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ጠመኔ ለምኜ፣ የአባቴን ካባ አለበስሁት። ከላይ በትልቁ «ማስታወቂያ»። ከሥሩ ፩ ብዬ «ከዚህ ቀደም በሀገራችን ያልታየ፣ ብረቱ በእሳት የተፈተነ፣ ጨርቁ በጥበብ የተሠራ ጃንጥላ የመጣ መሆኑን ለነቀምትና ለአካባቢው ሕዝብ እናስታውቃለን»። ፪ እያልሁ፣ ፫ እያልሁ ወረድሁና መጨረሻ ላይ «ከዛሬ ጀምሮ የጸና ይሁን» ብዬ ዘጋሁት። እንዴት እንዳማረ! በገበያው ቀን ጠዋት ደጁ ላይ ሰቀልሁት።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዚያን ጊዜ ሰሌዳ የሚጻፈው በአማርኛ ነው፤ ገበያተኛው የሚናገረው ኦሮምኛ ነው፤ አብዛኛው ሰው ደግሞ በአንዱም አያነብም። ስለዚህ የተጻፈ ነገር ሁሉ በኦቦ ጉተማ አፍ ያልፋል። ኦቦ ጉተማ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ናቸው፤ በገበያ ቀን እኛ ማዕዘን ላይ ይቆሙና መጥሪያውንም፣ ደብዳቤውንም፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውንም ጮክ ብለው ወደ ኦሮምኛ ይመልሳሉ። የኔን ሰሌዳ አዩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ማስታወቂያ» ሲሉ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ለአካባቢው ሕዝብ» ሲሉ ሴቶቹ ማሰሮአቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ። «የጸና ይሁን» ላይ ሲደርሱ አንዲት ቡና ይዛ የመጣች እናት «ግብሩ በራስ ነው በቤት?» ብላ ጠየቀች። ኦቦ ጉተማ ግብር አይደለም ቢሉ ማን ሰምቷቸው! ወሬው ቀድሞ ወርዷል። እኩለ ቀን ሳይሞላ ጃንጥላ ሳይዝ ዝናብ ላይ የተገኘ ሰው ይቀጣል የሚል አዋጅ መውጣቱ ገጠር ጉቶ ጊዳ ድረስ ተሰማ። ገበያተኛው አህያውን እየጫነ ተበተነ። ቀጥሎ ዘበኛ መጣና «እዚህ አዋጅ የሚያውጅ ማነው?» አለ። ሰሌዳውን እኔው በእጄ አወረድሁት። አዴ ጫልቱ አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «እንግዲህ ይሄ ወሬ ቢላ ሳይደርስ አይቀርም» ብላ ወደ ውስጥ ገባች።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። የወለጋን ዝናብ ላላየው ሰው እንዴት ብዬ እነግረዋለሁ፤ ጠዋት ይጀምራል፣ መቼ እንደሚያበቃ እሱ ያውቃል። ሰው ሁሉ ከበረንዳችን ሥር ይጠለላል፤ ጃንጥላው ከጀርባው ተደርድሮ እሱ እየተንጠባጠበ! ንድድ ይለኛል። አንድ ቀን ግን ነገሬን ትቼ ዝም ብዬ አየኋቸው። አንዲት ወጣት እናት ከጉቶ ጊዳ መጥታለች፤ ነጠላዋን አውልቃ ጀርባዋ ላይ ያለውን ሕፃን ጠቅልላበታለች፤ እሷ ራሷ እስከ አጥንቷ በስብሳለች። ሌላዋ የኮባ ቅጠል ቅቤዋ ላይ ደፍታ ራሷን ለዝናብ ሰጥታለች። አንዷ ደግሞ ነጭ የእሑድ ቀሚሷን ጭቃ እንዳይነካው እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ይዛለች። አንዳቸውም ራሳቸውን የሸፈኑ የሉም። ወጥቼ እናቲቱን በተሰባበረች ኦሮምኛዬ «ምን ያስፈራሻል?» አልኋት። «ዝናቡማ ምን ያደርገኛል፤ ባለፈው ክረምት ልጄን ሳል ይዞብኝ እንቅልፍ አጣሁ እንጂ» አለችኝ። ቆምሁ። ብረቱ በእሳት ተፈተነ፣ በውሃ ተፈተነ፣ ለዚች ሴት ምኗ ነው?

በዚያው ሳምንት ሰሌዳውን አጥቤ እንደ ገና ጻፍሁት። «ማስታወቂያ» የሚለውን ጣልሁት፤ ቁጥሩንም ጣልሁት፤ በየመስመሩ ራስ ላይ አንዳንድ ነጠብጣብ ብቻ አኖርሁ። ኦቦ ጉተማን ቀድሜ አማከርኋቸው። «አንቺ ልጅ፣ ያን ጊዜ መስመርሽ ጭራው ላይ ስደርስ ራሱ ጠፍቶኝ ነበር» አሉኝ። «አንድ ትንፋሽ አድርጊልኝ። እኔ በአንድ ትንፋሽ ካልኩት ሰው በአንድ ጆሮው ይዞት ይሄዳል።» እየጻፍሁ፣ እየቆረጥሁ፣ እሳቸው እየሞከሩት፣ እንዲህ ሆኖ ወጣ፦

• ልጅሽ ደርቆ ቤቱ ይግባ።
• ቅቤሽ ውሃ አይንካው።
• የእሑድ ልብስሽ ነጭ ሆኖ ይድረስ።
• ዝናብ ሹመት አይጠይቅም።

በቃ። ዋጋው ከታች፤ ሦስት ብር ከስሙኒ። በገበያው ቀን ኦቦ ጉተማ የመጀመሪያውን መስመር በኦሮምኛ ሲሉት ድምፃቸው ሳያስቡት ወደ ምርቃት ዜማ ሄደ። እዚህ አገር ሽማግሌ ሲመርቅ አጠር አጠር አድርጎ ነው፤ እሱ አንድ ቃል ይላል፣ ሕዝቡ «ሃ ተኡ» ይላል፤ ይሁን፣ ይደረግ ማለት ነው። አንድ በዚያ ሲያልፉ የነበሩ አዛውንት ምርቃት መስሏቸው ባርኔጣቸውን አንሥተው «ሃ ተኡ!» አሉ። ሰው ሳቀ። ሁለተኛው መስመር ሲመጣ ግን የሳቀውም አብሮ መለሰ። ልጅሽ ደርቆ ቤቱ ይግባ ተብሎ ማን እምቢ ይላል? ያቺ የጉቶ ጊዳ እናት ከሰው መሃል ወጣችና የቅቤዋን ብር ዘርግታ አንድ ጃንጥላ ያዘች። ባሏ ከኋላ «ማን ሾመሽ?» ብሎ ጮኸ። ጃንጥላዋን ልጇ ላይ ዘርግታ «ዝናቡ ነዋ!» አለችው። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ «ማን ሾመሽ?» «ዝናቡ» የከተማው ጨዋታ ሆነ። እያንዳንዱ የገበያ ቀን ምርቃት ሆነ፤ ጥቁር ጃንጥላም ቁልቁለቱን ከነሕፃኑ፣ ከነቅቤው ይወርድ ጀመር። አዴ ጫልቱ ስትስቅ ያየኋት ያን ክረምት ነው።

መስቀል ሲቃረብ በአንዱ የገበያ ቀን ኦቦ ዋቅጅራ በበቅሎ መጡ፤ ዲንሳም ተከትሏቸዋል። ካርቶኑ ባዶ፣ ጣሪያው ሥር ጥቂት ጃንጥላ ብቻ ቀርቷል። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ አበቃ፣ ተገላገልን ብዬ እጄን ልጨበጭብ ምንም አልቀረኝ። ዲንሳ ግን ጉሮሮውን ጠረገ። «ጃንጥላው አልቋል እንበል» አለ። «ከዚያስ? ሴት ብቻዋን ሱቅ ይዛ ትኖራለች ወይ? ሰው ምን ይለናል?» ኦቦ ዋቅጅራ በትራቸውን በመዳፋቸው አሻሹ። ዲንሳ እንደ ገና «ዘመዱ ሁሉ ይህን ነው የሚለው፣ አባ» አለ። አዴ ጫልቱ የያዘችውን ብርጭቆ ቀስ ብላ አስቀመጠች። ቃል የተገባላት ነገር ዓይኗ እያየ ሊወሰድ ነው። እኔ ደግሞ በሽማግሌ ፊት መናገር አልችልም፤ ልጅ ነኝ፣ ያውም ባዳ። ያለችኝ ጠመኔ ብቻ ናት። ወጣሁና ከአራቱ መስመሮች በታች ነጠብጣብ አድርጌ አምስተኛ ጨመርሁ።

• አዴ ጫልቱ እዚሁ ትኑር፤ ደጇ አይዘጋ።

ኦቦ ጉተማ አነበቡት። እኔን አዩኝ። ወደ ሱቁ ውስጥ አዩ። ካፖርታቸውን አስተካከሉ። ሰዉ መሰብሰብ ጀምሮ ስለነበር ከውስጥ ያሉትን ሽማግሌ አይቶ «ጃርሳ ይምጡልን፣ ጃርሳ ይምጡልን» አለ፤ ሽማግሌው ማለቱ ነው። ሽማግሌ ባለበት መልሱን የሚመራው ሽማግሌ ነው። ኦቦ ዋቅጅራ ወጥተው በረንዳው ላይ ቆሙ፤ በትራቸውን ተከሉ። ልጅሽ ደርቆ ቤቱ ይግባ። «ሃ ተኡ» አሉ፤ ሰዉም ተከተለ። ቅቤሽ ውሃ አይንካው። «ሃ ተኡ።» የእሑድ ልብስሽ ነጭ ሆኖ ይድረስ። «ሃ ተኡ።» ዝናብ ሹመት አይጠይቅም። ፈገግ አሉ፤ «ሃ ተኡ።» ኦቦ ጉተማ ትንፋሽ ወሰዱና በዚያው ዜማ፣ ሳያፈጥኑ ሳያዘገዩ፣ አዴ ጫልቱ እዚሁ ትኑር፤ ደጇ አይዘጋ አሉ። ኦቦ ዋቅጅራ በትራቸውን ከፍ አድርገው «ሃ ተኡ!» አሉ። ገበያው ሁሉ «ሃ ተኡ!» አለ።

ዲንሳ ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ። «አባ፣ ምን እንዳሉ ያውቃሉ?» አለ። እኛ ካፍ ከወጣ አፋፍ እንላለን፤ እነሱ ዘንድ ደግሞ ሽማግሌ በትሩን ይዞ ሃ ተኡ ያለውን ነገር ማንም አይመልሰውም፣ ራሱም ቢሆን። ኦቦ ዋቅጅራ ዝግ ብለው ዞሩና «ይህ ሁሉ ሰው ሰምቷል፣ አንተ ብቻ ነው ያልሰማህ?» አሉት። ከዚያ ሰማዩን አዩ፤ ከቢላ በኩል ደመናው ጠቁሯል። «ጫልቱ፣ አንድ ጥላ አምጪልኝ። ለዘመድ ስንት ነው?» አሉ። አዴ ጫልቱ እንባዋ ጉንጯ ላይ እየወረደ ጃንጥላውን አወጣችላቸው። «ለዘመድም ለባዳም ሦስት ብር ከስሙኒ ነው፣ አባ ኮ» አለች። ሽማግሌው ሳቁ፤ እንዲያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። «አሁን ሱቁ መቆሙን አየሁ» ብለው ከኪሳቸው አውጥተው ከፈሉ።

በቅሎዋን እኔ ነኝ የያዝሁላቸው። ኮርቻው ላይ ከወጡ በኋላ ጎንበስ አሉና፣ እስከዚያች ሰዓት አንድም ቀን ሲናገሩት ባልሰማሁት ጥርት ያለ አማርኛ፣ «የታችኛውን መስመር ስትጽፊ በመስኮቱ አየሁሽ» አሉኝ። «ማንበብ ይችላሉ?» አልኋቸው። «የሚያነብ ሽማግሌ ዘመዱ ሁሉ ደብዳቤ አስነብበኝ እያለ ያደክመዋል፤ ለማንም አትንገሪ» አሉኝ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «እኔም ይህን ዘመዶቼን ልላቸው ፈልጌ አፍ አጥቼ ነበር» አሉና ጃንጥላውን ዘርግተው ሄዱ። እንግዲህ አፍ ላጣ ሰው አፍ የሚሆን መስመር እንደጻፍሁ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ምስጢራቸውን እስከ ዛሬ ጠብቄያለሁ፤ አሁን እሳቸውም የሉ፣ ከሳሽ አይኖርብኝም።

ሲፈን ስልኳ ጭኗ ላይ ጠፍቷል፤ አፏን ከፍታ ታየኛለች። «አዴ ጫልቱስ ከዚያ በኋላ?» አለችኝ። «ከዚያ በኋላማ አርጅታ እስክታርፍ ድረስ በረንዳዋ ላይ ሰው ተጠለለ፤ ልጅ ስላልነበራት ደጁን ለኔ ተወችልኝ» አልኋት። ሲፈን ወለሉን አየች፣ መስኮቱን አየች፣ የተጠለለውን ሰው አየች። እዚህ ቤት ተወልዳ አድጋ ይህን አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። ስልኳን አበራችና ያነበበችልኝን ነጥቦች አንድ በአንድ አጠፋቻቸው። ቀስ ብላ «እማማ፣ ለልጁ ጫማ የሚገዛ ሰው ምንድን ነው የሚፈራው?» አለችኝ።

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ» አልኋት። «ዝናቡ ሳያባራ ውጪና ጠይቂያቸው። ደጁ ላይ ሞልተዋል።»